ትኩሳቱ አልወርድ ሲል፦ በደከመ ሰውነት ውስጥ የሳንባ ፈንገስን የመለየት ጣጣ

ለአጣዳፊ የደም ካንሰር ጠንከር ያለ ኬሞቴራፒ የወሰደ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ገደማ ነጭ የደም ሕዋሳቱ ተሟጠው ያልቃሉ። በዚህ ጊዜ ትኩሳት ከተነሳበት የምርመራ ውጤት አይጠበቅም፤ ሐኪሞቹ በዚያው ሰዓት ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚገድል አንቲባዮቲክ በደም ሥሩ ይጀምሩለታል። ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ ይወርዳል። አራት አምስት ቀን ቆይቶ አልወርድ ካለ፣ ወይም ወርዶ ተመልሶ ከመጣ ግን በአልጋው ዙሪያ የሚነሳው ጥያቄ ይለወጣል። ፈንገስ ይሆን? ከሆነስ የትኛው?

ይህን ጥያቄ ለመመለስ ባለፉት አርባ ዓመታት ብዙ መሣሪያ ተሠርቷል፤ ብዙ ወረቀትም ተጽፏል። ያም ሆኖ ሰው በሕይወት እያለ ሳይታወቁ ቀርተው በአስከሬን ምርመራ ከሚገኙ ኢንፌክሽኖች መካከል የሳንባ ሻጋታ ዛሬም ስሙ አልጠፋም። እንግሊዛዊው የፈንገስ በሽታዎች ሊቅ ዴቪድ ዴኒንግ በ2024 ባወጡት ስሌት በዓለም ላይ በየዓመቱ 6.5 ሚሊዮን ያህል ሰው በወራሪ ፈንገስ ይያዛል፤ 3.8 ሚሊዮን ያህሉም ይሞታል፤ ከነዚህ ሞቶች 2.5 ሚሊዮን ያህሉ በቀጥታ በፈንገሱ ሰበብ የመጡ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቁጥሩ ግምት መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ ያልተመረመረ በሽታ በመዝገብ አይገባምና።

ችግሩ ከምን ይመጣል? በመጀመሪያ፣ ፈንገሱ የሌለበት ቦታ የለም። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ የሚባለው ሻጋታ በበሰበሰ ቅጠል፣ በጭድ ክምር፣ በአፈርና በቆየ እህል ላይ ይበቅላል። ስፖሩ ከሁለት እስከ ሦስት ማይክሮን ብቻ ስለሆነ በአየር ላይ ተንሳፍፎ ይቆያል፤ ሲተነፍሱትም እስከ መጨረሻዎቹ የሳንባ ከረጢቶች ይዘልቃል። ማንኛችንም በቀን በመቶዎች የሚቆጠሩትን ወደ ውስጥ እንስባለን። ጤነኛ ሳንባ ያለ ምንም ሁካታ ጠርጎ ያስወግዳቸዋል። ስለዚህ አክታ ላይ ሻጋታ በቀለ ማለት ብቻውን ባለቤቱ ታመመ ማለት አይደለም፤ ያለፈበትን አየር የሚመሰክር ሊሆን ይችላል።

ሌላው ምክንያት ለብዙ ሰው እንግዳ ነው። ሳንባ ምች ሲባል የምናስበው ሁሉ፣ ማለትም አክታው፣ መግሉ፣ በኤክስሬይ ላይ የሚታየው ነጭ ጥላ፣ በአብዛኛው ሰውነት ሲዋጋ የሚተወው ፍርስራሽ ነው። የሚዋጋ ሕዋስ የሌለው ሰው ፍርስራሹም የለውም። ሳሉ ደረቅ ነው፤ ደረቱን ሲያዳምጡት ድምፁ ንጹሕ ነው፤ ኤክስሬዩም ደህና ይመስላል። ሻጋታው ግን በዚያው ሰዓት የደም ሥሮችን እየበሳ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ እርግጡን የሚናገረው ማስረጃ ከሳንባው ትንሽ ሥጋ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ማየት ሲሆን፣ ደሙን የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ባለቁበት ሰው ሳንባ ውስጥ መርፌ መስደድ ራሱ ሊገድለው ይችላል። እርግጠኝነት በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት፣ ወደ እርግጠኝነት የሚወስደው መንገድ ይዘጋል።

በዘርፉ የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ የትኛው ምርመራ ይበልጣል በሚለው ላይ ያተኩራል። እኔ ጥያቄው ከዚያ ቀድሞ ይጀምራል ባይ ነኝ። የማን ሳንባ ነው የምንመረምረው? ከዚህ በታች እንደሚታየው አንድ ዓይነት ውጤት በአንድ ሰው ላይ ሕይወት አድን ማስጠንቀቂያ ሲሆን በሌላው ላይ ከንቱ ድንጋጤ ነው።

የመከላከል አቅም ደከመ ሲባል የሚደክመው ሁሌም አንድ ዓይነት አቅም አይደለም። ኒውትሮፊል የሚባሉት ሕዋሳት ከአሥር ቀን በላይ ሲጠፉ በሩ የሚከፈተው ለአስፐርጊለስና ለዘመዶቹ ነው፤ አጣዳፊ ሉኪሚያና ከሌላ ሰው የተወሰደ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ዋነኞቹ ምሳሌዎች ናቸው። በኤችአይቪ ምክንያት ሲዲ4 የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥር ከ200 በታች ሲወርድ ደግሞ ሌላ በር ይከፈታል፤ በዚያ የሚገቡት ኒሞሲስቲስ፣ ክሪፕቶኮከስና ሂስቶፕላዝማ ናቸው። ለወራት ከፍ ያለ መጠን ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ የሚወስድ፣ ወይም ኩላሊት ተተክሎለት እንዳይገፋ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ሁለቱም በሮች ገርበብ ብለውበታል። ስኳሩ ከልክ አልፎ ደሙ አሲድ የሆነበት ሰው የሙኮር ሻጋታዎች ሰለባ ነው። በ2021 በሕንድ ከኮቪድ ጋር ተያይዞ ከ40 ሺህ በላይ የሙኮር ሕሙማን ሲመዘገቡ ዓለም ያስታወሰው ይህንኑ ነው፤ እርግጥ የዚያ ወረርሽኝ ዋና መቀመጫ አፍንጫና ዓይን ነበር እንጂ ሳንባ አልነበረም። ጠንቃቃ ሐኪም ገና ናሙና ሳይወስድ ከበሽተኛው ታሪክ ብቻ የተጠርጣሪዎቹን ብዛት ወደ ሁለት ሦስት ያወርደዋል። ይህን ያህል መረጃ በነጻ የሚሰጥ ማሽን አላውቅም።

ከመሣሪያዎቹ መካከል ነገሩን ከሥር የለወጠው ሲቲ ስካን ነው። በ1985 አሜሪካውያን የራጅ ሐኪሞች በሉኪሚያ ሕሙማን ሳንባ ላይ አንድ ምልክት ገለጹ፤ ጠጠር የመሰለ ነጭ ክብ፣ ዙሪያውን በስሱ ግራጫ ጭጋግ የተከበበ። የመሐሉ ነጭ ሻጋታው የደም ሥሩን ዘግቶ የገደለው የሳንባ ሥጋ ነው፤ ዙሪያው ያለው ጭጋግ ደግሞ ከተጎዳው ሥር የፈሰሰ ደም። ተራ ኤክስሬይ ይህን አያሳይም። ፈረንሳዮቹ የዲዦን ሐኪሞች በ1997 እንዳስነበቡት፣ ትኩሳት ያልወረደላቸውን ሕሙማን ኤክስሬይ እስኪበላሽ ሳይጠብቁ ቶሎ ሲቲ ማንሳት በሽታው የሚታወቅበትን ጊዜ ከሰባት ቀን ገደማ ወደ ሁለት ቀን ገደማ አወረደው። በደም ሕክምና ክፍል አምስት ቀን ማትረፍ ማለት ብዙ ማለት ነው።

ጭጋጉ ግን አይቆይም። የዚያው ቡድን የ2001 ጥናት በመጀመሪያው ቀን በ96 በመቶ ሕሙማን ላይ የታየው ጭጋግ በሳምንቱ በ22 በመቶ ላይ ብቻ መቅረቱን አሳይቷል። ሌላም ጉድ አለ፤ መድኃኒቱ እየሠራም ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት በሲቲ ላይ ያለው ቁስል ይሰፋል። በተለይ ነጭ የደም ሕዋሳት ሲመለሱ እብጠቱ ይጨምራል፤ በኋላም የሞተው ሥጋ ከጤነኛው ሲላቀቅ የጨረቃ ቅርጽ ያለው አየር በመካከላቸው ይታያል። ይህን የማያውቅ ሐኪም በስምንተኛው ቀን ፎቶውን አይቶ "መድኃኒቱ አልያዘም" ብሎ ሊቀይረው ይችላል፤ በሽተኛው ግን እያገገመ ነው። በ2007 በወጣ ትልቅ ጥናት ወራሪ አስፐርጊሎሲስ ካለባቸው 235 ሕሙማን 61 በመቶው ላይ ጭጋጉ ታይቷል፤ ይህን ምልክት ይዘው ሕክምና የጀመሩት ከሌሎቹ የተሻለ ዕድል ነበራቸው። ምክንያቱ ምልክቱ የበሽታው መጀመሪያ ስለሆነ ነው።

ምልክቱ የአስፐርጊለስ ብቻ ማኅተም እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ሙኮርም፣ አንዳንድ ባክቴሪያም፣ ዕጢም ይህን መልክ ይሰጣሉ። የተገላቢጦሹ፣ ማለትም መሐሉ ጭጋግ ዙሪያው ወፍራም ነጭ ቀለበት ሲሆን፣ በኒውትሮፊል እጦት ላይ ላለ ሰው ሙኮርን ያስጠረጥራል። ኒውትሮፊል ባላቸው ሰዎች፣ ለምሳሌ ኩላሊት በተተከለላቸው ወይም ስቴሮይድ በሚወስዱት ላይ፣ ይህ ሁሉ ውበት ይጠፋል፤ የሚታየው ከተራ ሳንባ ምች የማይለይ ነገር ነው።

ስለዚህ ሲቲ ቦታውን ያሳያል፤ ስሙን ለማወቅ ወደዚያው ቦታ መውረድ ያስፈልጋል። ብሮንኮስኮፒ የሚባለው ቀጭን ቱቦ በአፍንጫ ወይም በአፍ ገብቶ ሲቲው ባመለከተው የአየር ቧንቧ አፍ ላይ ተወትፎ ይቆማል። ከዚያ ለብ ያለ የጨው ውሃ በስሪንጅ እየተገፋ ይገባል፤ ወዲያው ቀስ ተብሎ ይመጠጣል። የተመለሰው ውሃ ከገባው ያነሰ፣ ደፍረስ ያለ፣ ላዩ ላይ አረፋ ያለው ነው። ይህ የሳንባ እጣቢ በዘርፉ ካሉት ናሙናዎች ሁሉ ከባለቤቱ አፍ የወጣ ቃል ለመሆን የቀረበው ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም በእጅ አያያዝ ነው። የተሳሳተ ክፍል ይታጠባል፤ ናሙናው ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፤ የመጠየቂያ ወረቀቱ ላይ "የባክቴሪያ ካልቸር" ብቻ ተጽፎ ፈንገስ የሚለው ይረሳል። ላቦራቶሪ ያልተጠየቀውን አይፈልግም።

እጣቢው ላቦራቶሪ ሲደርስ አንዱ ጠብታ በሚያበራ ቀለም ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ይታያል። እዚህ ላይ ጥሩ ዓይን ያለው ባለሙያ በአንድ ሰዓት ውስጥ ትልቅ ነገር ሊናገር ይችላል። ቀጫጭን፣ በየመሐሉ መከፋፈያ ያላቸው፣ በሹል ማዕዘን የሚቀነጠሱ ክሮች ወደ አስፐርጊለስ ያመለክታሉ። ሰፋፊ፣ እንደ ሪባን የተጣመሙ፣ መከፋፈያቸው እምብዛም የማይታይ ክሮች የሙኮር ናቸው። ልዩነቱ የመጽሐፍ ጨዋታ አይደለም። በ2002 በታተመው ዝነኛ ጥናት ለወራሪ አስፐርጊሎሲስ ቮሪኮናዞል የወሰዱት ሕሙማን በ12ኛው ሳምንት 70.8 በመቶ በሕይወት ነበሩ፤ አምፎቴሪሲን ቢ የወሰዱት 57.9 በመቶ። ይኸው ቮሪኮናዞል ሙኮርን አይነካውም። ሁለቱን አለመለየት ማለት ለአንዱ ምርጡን መድኃኒት፣ ለሌላው ደግሞ ውሃ መስጠት ማለት ነው።

ካልቸር፣ ማለትም ናሙናውን በሳህን ላይ ማብቀል፣ ቀናት ይወስዳል፤ ከታመሙትም ብዙዎቹ ላይ ምንም አይበቅልም። ሊተው ግን አይችልም። ኔዘርላንድስ ውስጥ በመጀመሪያ በደንብ የተጠናው፣ በእርሻ ላይ ከሚረጩ ፀረ ፈንገስ ኬሚካሎች ጋር የተያያዘው የአስፐርጊለስ መድኃኒት መላመድ ዛሬ በብዙ አገር ይገኛል፤ መድኃኒቱ ይሠራ አይሠራ እንደሆነ በእርግጥ ለመፈተን በእጅ ላይ የበቀለ ሻጋታ ያስፈልጋል።

ሥጋ ሳይቆርጡ፣ ካልቸር ሳይጠብቁ፣ በደም ብቻ ማወቅ ይቻል ይሆን የሚለው ሕልም ጋላክቶማናንን ወለደ። አስፐርጊለስ ሲያድግ ከግድግዳው የሚያራግፈው የስኳር ሰንሰለት ነው፤ በደምና በሳንባ እጣቢ ውስጥ ይለካል። በደም 0.5 እና ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ለረጅም ጊዜ እንደ ድንበር አገልግሏል። ኒውትሮፊል በሌላቸው ሕሙማን ላይ ከታመሙት አሥር ሰዎች ሰባቱን ያህል ይይዛል። ኒውትሮፊል ባላቸው ላይ ግን በደም ውስጥ የሚገኝበት ዕድል በእጅጉ ይወርዳል፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በነሱ ላይ ሻጋታው ወደ ደም ሥር ከመግባቱ በፊት በአየር ቧንቧ ውስጥ ይታገታል። ለነሱ የሚሻለው እጣቢውን መለካት ነው። ለመከላከል ብለው ፀረ ሻጋታ መድኃኒት በሚውጡት ላይም የደሙ ምርመራ ይደክማል። በአንድ ወቅት ደግሞ ፒፐራሲሊን ታዞባክታም የተባለውን አንቲባዮቲክ የሚወስዱ ሕሙማን ምርመራ ያለ በሽታ አዎንታዊ እየሆነ ሐኪሞችን ግራ አጋብቶ ነበር። የፔኒሲሊን ቤተሰብ ከሻጋታ የሚመረት መሆኑ ሲታሰብ ምስጢሩ ብዙም አያስደንቅም። አዳዲሶቹ ምርቶች ይህን ችግር በአብዛኛው አስወግደዋል።

አሁን ወደ ማን ሳንባ ነው ወደሚለው እንመለስ፤ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ማየት ይጠቅማል። ከታመሙት 70 በመቶውን የሚይዝ፣ ካልታመሙት ደግሞ 90 በመቶውን በትክክል ነጻ የሚያወጣ ምርመራ አለን እንበል። አንድ ሺህ ለከፍተኛ አደጋ የተጋለጡ ሰዎችን ስንመረምር 200ዎቹ በእርግጥ ታመዋል እንበል። ምርመራው 140ዎቹን ይይዛል፤ ካልታመሙት 800 ደግሞ 80ዎቹን በስህተት ታመዋል ይላል። አዎንታዊ ከተባሉት ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እውነተኛ ናቸው። ይኸው ምርመራ ከሺህ 20ዎቹ ብቻ በታመሙበት ክፍል ሲሠራበት 14 እውነተኛና 98 ሐሰተኛ አዎንታዊ ያመጣል። ማሽኑም፣ ድንበሩም፣ ባለሙያውም አልተለወጡም። በሁለተኛው ክፍል አዎንታዊ የተባለው ሰው በእርግጥ የታመመ የመሆኑ ዕድል ከስምንት አንድ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ምልክት የሌለበትን ሁሉ በሳምንት ሁለቴ ደሙን መመርመር፣ በተለይ መከላከያ መድኃኒት እየወሰደ ከሆነ፣ ገንዘብ ከማባከን አልፎ ለጤነኛ ሰው ኩላሊት የሚጎዳ መድኃኒት እስከ ማዘዝ ያደርሳል። ትኩሳት ያለበትን፣ ሲቲው የተለወጠበትን መርጦ መመርመር ግን ያዋጣል። በዚህ ላይ የመመሪያ ጸሐፊዎቹ ለመስማማት ረጅም ጊዜ ወስደዋል፤ በእኔ አስተያየት ካስፈለጋቸው በላይ።

ቤታ ዲ ግሉካን የሚባለው ሌላው የደም ምርመራ ከብዙ ዓይነት ፈንገሶች ግድግዳ የሚወጣን ነገር ይለካል። ጭስ አየሁ ይላል እንጂ የማን ቤት እንደሚቃጠል አይናገርም። ጥንታዊው የአሠራሩ ዘዴ የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቅርፊት ካለው የባሕር እንስሳ ደም የሚወሰድ ነገርን ይጠቀማል፤ ይህ ደም ፈንገስ ሲነካው ይረጋል። ሙኮርን አያይም፤ ክሪፕቶኮከስንም በአብዛኛው አያይም። በሌላ በኩል የኩላሊት እጥበት ማጣሪያ፣ የቀዶ ሕክምና ጋዝ፣ በደም ሥር የሚሰጥ አልቡሚን ያለ ፈንገስ ከፍ ሊያደርጉት ይችላሉ። ዋና ጥቅሙ አሉታዊ ሲሆን ነው። ከታች በኒሞሲስቲስ ላይ እንደምናየው በዚያ ላይ ብርቱ ነው።

የፈንገሱን ዘረ መል አብዝቶ የሚፈልገው ፒሲአር ለረጅም ዓመታት ከዳር ቆሞ የነበረው እያንዳንዱ ላቦራቶሪ በራሱ መንገድ ስለሚሠራው ነበር። በ2006 የአውሮፓ ተመራማሪዎች ዘዴውን ወጥ ለማድረግ ሥራ ጀመሩ፤ በ2020 በታተመው ዓለም አቀፍ የወራሪ ፈንገስ በሽታዎች ትርጓሜ ውስጥ የአስፐርጊለስ ፒሲአር እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። ያ ትርጓሜ በ2002 ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሕሙማንን "የተረጋገጠ"፣ "የሚመስል" እና "ሊሆን የሚችል" እያለ ይከፍላል። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ ያለ እሱ የአንድ አገር ጥናት ከሌላው ጋር አይነጻጸርም ነበር። የተጻፈው ግን ለምርምር ነው። አልጋ ዳር ላይ ቆሞ መስፈርቱን አላሟላም ብሎ ሕክምና መከልከል የመሣሪያውን ዓላማ መሳት ነው። ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ኢንፍሉዌንዛ አሳየ። በ2018 ከኔዘርላንድስና ከቤልጂየም በወጣ ጥናት በከባድ ኢንፍሉዌንዛ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡ 432 ሰዎች 83ቱ፣ ማለትም 19 በመቶው፣ ወራሪ አስፐርጊሎሲስ ተገኝቶባቸዋል። ከነዚህ ብዙዎቹ ከዚያ በፊት አቅማቸው የደከመ ነው የሚባሉ አልነበሩም፤ በአሮጌው ትርጓሜ ደጃፍ ላይ የሚቀሩ ነበሩ። ፈንገሱ ካለባቸው በ90 ቀን ውስጥ 51 በመቶ ሞቱ፤ ከሌለባቸው 28 በመቶ። ቫይረሱ የአየር ቧንቧውን ሽፋን ገፎ ለሻጋታ መንገድ ይጠርግለታል። ኮቪድም ሲመጣ ተመሳሳይ ነገር አሳየ።

ኒሞሲስቲስ ራሱን የቻለ ዓለም ነው። በሰኔ 1981 አሜሪካውያን የጤና ባለሥልጣናት በሎስ አንጀለስ አምስት ወጣቶች በዚህ ብርቅ በሽታ መያዛቸውን በአጭር ሪፖርት ሲያሳውቁ ያ የኤድስ ዘመን የመጀመሪያው የታተመ ምስክር ሆነ። እስከ 1988 ድረስ ብዙዎች ፕሮቶዞዋ ነው ይሉት ነበር፤ የዘረ መል ጥናት ነው ፈንገስነቱን ያረጋገጠው። በላቦራቶሪ ሳህን ላይ አይበቅልም፤ ስለዚህ ካልቸር የሚባል ነገር የለም። በብር ቀለም ሲነከር ጥቁር ብለው የሚታዩ፣ አንዳንዶቹ እንደ ተቀጠቀጠ ኳስ ጎርበጥ ያሉ ክቦችን መፈለግ ነው፤ ወይም በሚያበሩ ፀረ እንግዳ አካላት ቀብቶ ማየት። ኤችአይቪ ባለበት ሰው ሳንባ ውስጥ ቁጥራቸው እጅግ ብዙ ስለሆነ ጨዋማ ውሃ በእንፋሎት አስተንፍሶ የተወሰደ አክታ እንኳ ሊያሳያቸው ይችላል። በስቴሮይድ ወይም በካንሰር መድኃኒት አቅሙ በደከመ ሰው ላይ ግን ቁጥራቸው ጥቂት፣ እብጠቱ ብዙ፣ ሕመሙም ፈጣን ነው፤ ማይክሮስኮፕ ይስታቸዋል። ፒሲአር አይስታቸውም፤ ችግሩ ሳይታመም ጥቂቱን ይዞ የሚኖረውን ሰውም መያዙ ነው። እዚህ ላይ ፒሲአርንና ቤታ ዲ ግሉካንን ማጣመር ይበጃል። ቤታ ዲ ግሉካን ዝቅተኛ ከሆነ፣ በተለይ ኤችአይቪ ባለበት ሰው፣ ሕመሙ ኒሞሲስቲስ የመሆኑ ዕድል በጣም ያንሳል።

ኒሞሲስቲስን ለመጠርጠር ከዚህ ሁሉ የቀደመ አንድ ርካሽ ምርመራ አለ። በሽተኛው ተቀምጦ ጣቱ ላይ የተሰካው የኦክስጅን መለኪያ ደህና ቁጥር ያሳያል፤ ኤክስሬዩም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ተነስቶ ኮሪደሩን አንድ ጊዜ ሲመላለስ ቁጥሩ ቁልቁል ይወርዳል። ይህ ማስረጃ ብቻውን ስም አይሰጥም፤ ግን ሳምንታት የቆየ ደረቅ ሳልና ዝቅተኛ ሲዲ4 ካለው ሰው ጋር ሲገጥም ሐኪሙን ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አይፈቅድለትም።

ክሪፕቶኮከስ በሳንባ ገብቶ በአንጎል የሚገድል ፈንገስ ነው። እዚህ ላይ የዘርፉ ትልቁ ድል የተገኘው በትንሿ መሣሪያ ነው። የደም ጠብታ ከፈሳሽ ጋር በትንሽ ቱቦ ይቀላቀላል፤ የወረቀት ቁራጭ ይነከርበታል፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ አንድ መስመር ከታየ የለም፣ ሁለት መስመር ከታየ አለ። ማቀዝቀዣ አትፈልግም፤ ማሽን አትፈልግም። የዓለም የጤና ድርጅት ሲዲ4 ከ100 በታች የሆነ ሁሉ እንዲመረመር ይመክራል፤ እስከ 200 ድረስም ቢሆን ይበጃል ይላል። በታንዛኒያና በዛምቢያ ተሠርቶ በ2015 የታተመ ጥናት ይህን ምርመራ ከጥቂት የቤት ለቤት ክትትል ጋር ማጣመር ሞትን በ28 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ስለ ሲቲ ጭጋግ የተጻፈው ወረቀት ሁሉ ተደምሮ ያዳነውን ሕይወት ያህል ይህች ቁራጭ ሳታድን አትቀርም የሚል ጥርጣሬ አለኝ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፤ በሽታው በሳንባ ላይ ብቻ ተወስኖ ሲቀር፣ ለምሳሌ ኩላሊት በተተከለለት ሰው ሳንባ ላይ አንድ ጠጠር ሆኖ ሲታይ፣ የደሙ ምርመራ አሉታዊ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው በወረቀቷ ተማምኖ ወደ ቤት መላክ አይገባም።

ሂስቶፕላዝማ ከሌሊት ወፍና ከወፍ ኩስ ጋር የተያያዘ ነው፤ ሲስፋፋ ኤክስሬዩ ላይ እንደ ማሽላ የተበተነ ነጠብጣብ ያሳያል፤ ይህ መልክ ከተበተነ ቲቢ አይለይም። በሽንት የሚሠራ የአንቲጅን ምርመራ አለው፤ ችግሩ በብዙ የአፍሪካ አገሮች አለመገኘቱ ነው። ከደም ውስጥ የማናቸውንም ጀርም ዘረ መል አንብቤ እነግራችኋለሁ የሚሉት አዳዲስ ዘዴዎችም አሉ። ተስፋ አላቸው፤ ዋጋቸውና የሚወስዱት ጊዜ ግን ለጊዜው ከሀብታም ሆስፒታሎች ግቢ አያወጣቸውም።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ጥያቄው መልኩን ይቀይራል። እዚህ ለሳል፣ ለክብደት መቀነስና ለሌሊት ላብ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ቲቢ ነው፤ መሆንም አለበት። አክታ ወደ ጂን ኤክስፐርት ይላካል። ማሽኑ ቲቢ መኖሩንና ሪፋምፒሲን መቋቋሙን ይናገራል፤ ስለ ፈንገስ ግን አንዳች አያውቅም። ውጤቱ አሉታዊ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚደረገው አንቲባዮቲክ ሞክሮ፣ ካልተሻለው የቲቢ መድኃኒት መጀመር ነው። በ2000ዎቹ በአዲስ አበባ ኤችአይቪ ባለባቸውና አክታቸው ቲቢ ባላሳየ ሕሙማን ላይ ብሮንኮስኮፒ የሠሩ ሐኪሞች ከነዚህ መካከል ቀላል የማይባለው ቁጥር ኒሞሲስቲስ እንዳለበት አግኝተዋል። ከዚያ ወዲህ የኤችአይቪ መድኃኒት በስፋት ተዳርሷል፤ ኒሞሲስቲስን የሚከላከለው ኮትሪሞክሳዞልም ብዙዎችን ጠብቋል። ዘግይተው የሚመጡና መድኃኒት የሚያቋርጡ ግን አሁንም አሉ። ከነሱ ጎን ለጎን አዲስ ዓይነት በሽተኛ እየበዛ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከጀመረ ወዲህ በአገር ውስጥም በውጭም ተተክሎላቸው የሚኖሩ፣ ለካንሰር ኬሞቴራፒ የሚወስዱ፣ ለመገጣጠሚያ ሕመም ለዓመታት ፕሬድኒሶሎን የሚውጡ ሰዎች ተበራክተዋል። በነዚህ ሳንባ ላይ የሚጠረጠረው ዝርዝር ከኤችአይቪው ይለያል።

ቲቢ ራሱም ለፈንገስ ቤት ሠርቶ ይሄዳል። በ1960ዎቹ መጨረሻ በብሪታንያ የተደረገ የዳሰሳ ጥናት ከቲቢ ድነው ሳንባቸው ላይ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዋሻ የቀረባቸውን 544 ሰዎች ተከታትሎ ሩብ ያህሉ የአስፐርጊለስ ፀረ እንግዳ አካል እንዳላቸው፣ 14 በመቶ ያህሉም በዋሻው ውስጥ የሻጋታ ኳስ መያዛቸውን አገኘ። ይህ ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት ነው። ደም የሚያስተፋውን፣ ክብደት የሚያስቀንሰውን ሁሉ ቲቢው ተመለሰ ማለት ይቀላል። የደም ፀረ እንግዳ አካል ምርመራ እዚህ ይጠቅማል፤ አቅሙ ክፉኛ በደከመ ሰው ላይ ግን ፀረ እንግዳ አካል የሚሠራው አካል ራሱ ስለተጎዳ አይታመንም።

የዓለም የጤና ድርጅት በጥቅምት 2022 አሳሳቢ ፈንገሶችን በደረጃ ሲዘረዝር ክሪፕቶኮከስ ኒዮፎርማንስና አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ ከላይኛው መደብ ተቀመጡ። በሚያዝያ 2025 ባወጣው ሌላ ሪፖርት ደግሞ ያሉት ምርመራዎች በአብዛኛው የሰለጠነ ባለሙያና የተደራጀ ላቦራቶሪ የሚፈልጉ መሆናቸውን ገልጿል። እውነት ነው። የጋላክቶማናን ውጤት ከሳምንት በኋላ ሲመጣ በሽተኛው ወይ ታክሟል ወይ ሞቷል፤ ቁጥሩ ለመዝገብ ይሆናል። ለዚህ ነው ለእኛ አገር ላቦራቶሪ ግዢ ሲታሰብ ከትክክለኛነቱ ቀድሞ ውጤቱ ስንት ሰዓት ይወስዳል ተብሎ መጠየቅ አለበት የምለው።

በግምት ማከም የሚያስከትለው ጣጣ ከጊዜ ማባከን ያልፋል። ሪፋምፒሲን በጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች ያበዛል። ፈንገስ ያለበት ሰው ቲቢ ነው ተብሎ ሪፋምፒሲን ከጀመረ በኋላ እውነቱ ቢታወቅና ቮሪኮናዞል ቢታዘዝለት መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ሊጠራቀም አይችልም፤ ሁለቱን አብሮ መስጠትም የተከለከለ ነው። ለሂስቶፕላዝማ የሚሰጠው ኢትራኮናዞልም እንዲሁ ይሟጠጣል። ሪፋምፒሲኑ ቢቆም እንኳ ጉበቱ ወደ ነበረበት ለመመለስ ሁለት ሳምንት ያህል ይወስድበታል። በዚያ ሁለት ሳምንት ውስጥ ለሐኪሙ የሚቀረው አማራጭ በደም ሥር የሚሰጠው አምፎቴሪሲን ነው፤ እሱንም ለመስጠት ፖታሲየምና የኩላሊት ሥራ በየጊዜው የሚለካበት ላቦራቶሪ ያስፈልጋል።